እርሳስ በክንፉ ጫፍ

«እንዳይላላ» አለ ጣሊያናዊው መካኒክ ጂኖ ጣቱን በስፌቱ ላይ እያሳለፈ። «ከላላ እርሳሱ ይወጣል። እርሳሱ ከወጣ ሰው ይሞታል።»

ሶፊያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ራሷን ነቀነቀች። ከፊቷ በሁለት በርሜሎች ላይ የተጋደመው ክንፍ ከቁመቷ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ውስጡ ቀጭን እንጨት፣ ላዩ ሸራ ነው። ጫፉ ላይ አሁን ሰፍታ የጨረሰችው ትንሽ ኪስ አለ፤ በኪሱ ውስጥ አሥራ ሁለት ከባባድ የእርሳስ ብረት ፍሬዎች አሉ። እንዲህ ያለ ክንፍ ሦስት ነው።

ሥራው የአባቷ የኑሩ ነበር። በደብረ ታቦር ገበያ የልብስ ስፌት መኪና ካላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ከአንድ ወር በፊት፣ በጥቅምት 1930፣ ጣሊያኖቹ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ሲጠሯቸው «ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ከሰገድኩ በኋላ እመጣለሁ» ብለው ነበር። አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያኖቹ ያደረ ወታደር፣ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቶ በጠመንጃ ሰደፍ መታው። ጮኹ። ደግሞ መታው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ጣቶች አልታጠፉም። ሶፊያ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም መርፌ ከያዘች ስምንት ዓመት አልፏታል። በማግስቱ የአባቷን መቀስ ይዛ እሷ መጣች። አባቷም በየቀኑ አብረዋት ይመጣሉ፤ በጣሊያኖቹ ወረቀት ላይ የሰፈረው የእሳቸው ስም ነውና።

ክንፎቹ የሚገጠሙላትን የጣሊያኖቹን የበረራ ማሽን የከተማው ሰው «እንዝርቷ» ይላታል። እንደ ሌላው አውሮፕላን ከአፍንጫዋ ላይ በሞተር የሚዞር መቅዘፊያ አላት። የሚያስገርመው ግን ከላይ ያለው ነው። ከመቀመጫዎቹ በላይ በቆመ ምሰሶ ራስ ላይ ሦስት ረጃጅም ክንፎች ይሽከረከራሉ። ሞተሩ አይነካቸውም። ወደፊት ስትሄድ ከታች የሚመጣው ነፋስ ነው የሚያዞራቸው፤ መዞራቸው ደግሞ እሷን አየር ላይ ይይዛታል።

መካኒኩ ጂኖ ጎንደር ዓመት ከመንፈቅ ስለተቀመጠ አማርኛ ይሰባብራል። «በፊት ክንፉ ቀላል» አለ እጁን እያወዛወዘ። «እዚህ ተራራ፣ አየሩ ስስ። ቴኔንቴ፣ አብራሪው፣ ቀስ ካለ ክንፉ ይደክማል፤ መዞር ይረሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ መሮጥ፣ መሮጥ። አሁን ጫፉ ከባድ። ከባድ ነገር አይረሳም።»

ሶፊያ ሳይነግራትም ገብቷታል። እንዝርት ላይ የሚሰካው ክቡ ቁራጭ ከቀለለ ጥቂት ዞሮ ይቆማል፤ ከከበደ ግን አንዴ ከተጠነጠነ ፈትሉ እስኪረዝም ይዞራል። ጂኖ ሦስቱን ክንፎች በየተራ ሚዛን ላይ ሰቅሎ፣ አንዱ ከሌላው በፍሬ እንኳ እንዳይበልጥ ሲያመዛዝን ዝም ብላ ታየው ነበር። አንድ ወገኑ የከበደ እንዝርት እንዴት እንደሚሆን እሱ ሊነግራት አያስፈልግም።

ከሰዓት በፊት ክንፎቹ ምሰሶው ላይ ተሰኩ። እያንዳንዳቸው ከሥራቸው እንደ በር በማጠፊያ ተይዘዋል፤ ሲዞሩ ከፍ ዝቅ እንዲሉ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች ከገበያ ተይዘው መጡ። ጂኖ ከክንፎቹ ሥር ባሉት ችካሎች ዙሪያ ረጅም ገመድ ጠመጠመ፤ ሰዎቹ ገመዱን ይዘው ይሮጣሉ፤ ክንፎቹ መዞር ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ማሽኗ ሜዳው ላይ ስትሮጥ ነፋሱ ይቀበላቸዋል።

ከጎታቾቹ የመጨረሻው ሁልጊዜ ታደሰ ነው። እንጨት ፈልጦ ይሸጣል፤ ትከሻው እንደ ግድግዳ ነው። ገመዱ ሲለቀቅ ጎማ ላይ እንዳይጠመጠም ጠቅልሎ የሚያነሳው እሱ ነው።

«ሶፊያ» አለ በአጠገቧ ሲያልፍ። «ለእንዝርቷ ቀሚስ ሰፋሽላት አሉ። የኔ ሱሪስ?»

«አያ ታደሰ፣ ሱሪህ ከጨርቁ መጣፊያው ይበልጣል። ምኑን ልስፋው?»

«ስሚ አንቺን። እንደ በሬ ጠምደውኛል፤ ገለባ አልሰጡኝ፤ አሁን ደግሞ ልጅ ይስቅብኛል።»

አስካሪው አለንጋውን ሲያጮኸው ሁሉም ዝም አሉ። ጎተቱ። ክንፎቹ ዞሩ። ሰው ሁሉ «ቴኔንቴ» የሚለው አብራሪው መኮንን ከኋላ መቀመጫ ሆኖ ሞተሩን አስጮኸ፤ ማሽኗ ሜዳውን ሳታጋምስ ተነሣች።

ተመልሳ መጣችና ከቆርቆሮው መጋዘን በላይ ዘገየች። በጣም ዘገየች። ድሮ እንዲህ ስትዘገይ ክንፎቹ ይደክሙና ወደ መሬት ትወርድ ነበር። አሁን ግን የቆመች እስክትመስል ድረስ ተንሳፈፈች፤ ክንፎቹ አልደከሙም። ጂኖ አጨበጨበ። ሶፊያም፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ደስ አላት። ኪሱን የሰፋችው እሷ ናት።

አባቷ አዩዋት። የተሰበሩትን ጣቶች በጋቢያቸው ሸፈኑ።

* * *

ከሦስት ቀን በኋላ ፈንታነሽ በጓሮ በር ገባች። ፈንታነሽ ከጋሳይ መንደር ፈትል እያመጣች ለሸማኔዎች የምትሸጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ስትመጣ ሁልጊዜ ከሶፊያ ጋር ተቀምጣ ሰውን ሁሉ አምታ ነው የምትሄደው። ዛሬ ግን ፈትል አልያዘችም። የቀሚሷ ፊት ከጡቷ እስከ ጉልበቷ ደርቆ ጠቁሯል።

«የማን ደም ነው?» አለች ሶፊያ።

«የእናቴ።»

ሶፊያ ውሃ አቀረበችላት። ፈንታነሽ ኩባያውን ያዘችው እንጂ አልጠጣችም።

«ትናንት ጋሳይ ገበያ ነበር። እንዝርቷ መጣች። ድሮ ስትመጣ ዛፍ ሥር እንገባለን፤ ትወረውራለች፣ አልፋ ትሄዳለች። ብዙም አትመታም ነበር። ትናንት ግን አላለፈችም።» ድምፅዋ ተረት እንደምታወራ ሰው የተረጋጋ ነበር። «እንደ ጭልፊት ዛፉ ላይ ቆመች። ቴኔንቴው አጎንብሶ ሲያየን አየሁት። መነጽሩን አየሁት። ከመቀመጫው ሥር ቦምብ ያነሳል፣ ይጥላል። ያነሳል፣ ይጥላል። ከዛፉ ሥር ስንወጣ ተከተለችን። እየሮጥን ሳለ ቀስ ብላ ተከተለችን፤ አትቸኩልም። እናቴ በርበሬ ስትለካ ነበር። ከወገቧ በታች የቀረውን በነጠላ ሰብስበን ቀበርናት።»

«ስንት ሰው?»

«ሃያ ሦስት። ስድስቱ ከኔ ያንሳሉ።»

ሶፊያ መሬት መሬት አየች። መናገር አልነበረባትም፤ ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን ፈንታነሽ ፊት ለፊቷ የእናቷን ደም ለብሳ ተቀምጣለች።

«ክንፏ ጫፍ ላይ እርሳስ አስገቡበት» አለች። «ቀስ ስትል እንዳትወድቅ። ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ፈንታነሽ በጥፊ መታቻት። ኩባያው ወድቆ ተንከባለለ። ደግማ መታቻት፤ ሁለተኛው ከከንፈሯ ደም አወጣ። ሶፊያ እጇን አላነሳችም። ፈንታነሽ እንደ ሯጭ እየተነፈሰች ቆማ ቆየችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«እንግዲያ ፍቺው» አለች።

«ምኑን?»

«የሰፋሽውን። ቅዳሜ ማለዳ ከጋሳይ የቀረነው ወደ ዋሻ እንሄዳለን። ስልሳ እንሆናለን፤ ሴትና ሕፃን ነው። የምናቋርጠው ሜዳ አንድ ዛፍ የለበትም፤ እስከ ረፋድ ይፈጃል። ቅዳሜ እንዝርቷ ከተነሣች አንድም ሰው አይተርፍም። ቅዳሜ ብቻ አትነሣ።»

«ካወቁብኝ አባቴን ይሰቅሏቸዋል።»

«አውቃለሁ» አለች ፈንታነሽ። ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። «ምን ልበልሽ? አውቃለሁ።»

* * *

ዓርብ ጂኖ ክንፎቹን አወረዳቸው። ከአሁን ወዲያ በየሳምንቱ እያወረደ ኪሶቹን ይፈታል፣ እንደገና ያመዛዝናል፣ ሶፊያ እንደገና ትሰፋለች። እንጨቱ ጤዛ ስለሚጠጣ ክብደቱ ይለዋወጣል ይላል።

ሦስተኛው ክንፍ ላይ ጂኖ ጀርባውን ሲሰጣት ሦስት የእርሳስ ፍሬዎችን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ በተለመደው ጥብቅ ስፌት ዘጋችው። ሦስት ብቻ። ሆን ብላ ነው። አንድ ወገኑ ትንሽ የከበደ እንዝርት ቀስ ብሎ ሲዞር ደህና ነው፤ ማንም አያውቅበትም። ፍጥነቱ ሲጨምር ነው መርገብገብ የሚጀምረው፤ ከዚያ ክሩን በጥሶ ይወረወራል። ቴኔንቴውም መሬት ላይ ምንም አይሰማውም። ሰማይ ላይ፣ ክንፎቹ በሙሉ ኃይላቸው ሲዞሩ፣ መሪው በእጁ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሶፊያ ብዙ ማሰብ አልፈለገችም። ሰው ልትገድል እንደሆነ ታውቃለች። ሃያ ሦስት ሰው የገደለ ሰው።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ አመዳይ ነበር። ጎታቾቹ እጃቸውን እያሹ ቆመዋል። ታደሰ ሶፊያን አይቶ ወደ ሱሪው በጣቱ ጠቆመ፤ ልትስቅለት አልቻለችም።

ቴኔንቴው የቆዳ ጃኬቱን እየቆለፈ መጣ። ከአስተርጓሚው ከጌጡ ጋር ጥቂት አወራና ወደ እነሱ ዞረ። ጌጡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከሌላ የአውሮፕላን ሜዳ ወሬ መጥቷል። የአውሮፕላን ሽቦ ተቆርጦ ተገኝቷል አሉ። ስለዚህ ቴኔንቴ እንዲህ ይላሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሰፋ ሰው አብሮ ይበራል። አቶ ኑሩ፣ ፊተኛው መቀመጫ ላይ ይውጡ።»

«የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች ሶፊያ ወዲያው። «እኔ ልውጣ።»

ጌጡ ሳይተረጉም አያት። «ወረቀቱ ላይ ያለው የአባትሽ ስም ነው። ዝም በይ።»

ሁለት አስካሪዎች ኑሩን በብብታቸው ይዘው አወጧቸው፤ ደረታቸውን በጠፍር ከመቀመጫው ጋር አሰሩ። አንዱ ተቃወሙኝ ብሎ በክርኑ አፋቸውን መታቸው። ደማቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ኑሩ ግን አልተቃወሙም፤ እጃቸው ነው ያልታጠፈላቸው።

ሶፊያ ወደ ሦስተኛው ክንፍ ጫፍ አየች። ብትናገር ሁለቱንም ይገድሏቸዋል፤ ጂኖ ሦስት ፍሬ ጨምሮ ይሰፋል፤ ስልሳው ሰው ገና ሜዳው መካከል ላይ ሳለ ማሽኗ ትደርሳለች። ዝም ብትል ደግሞ አባቷ ከሰማይ ይወድቃሉ። በእሷ እጅ።

ጂኖ ገመዱን መጠምጠም ጀመረ። አንድ ዙር። ሁለት።

ሦስት ፍሬ ሲጎድል ሰማይ ላይ ነው የሚታወቀው። ሁሉም ቢጎድልስ? ክቡ ቁራጩ የተሰበረ እንዝርት ገና ሲጠነጠን ነው የሚገለበጠው። አይዞርም። አይነሣም።

«ጂኖ» አለች። «ሦስተኛው ስፌት ላልቷል መሰለኝ። ላየው?»

ጂኖ ፊቱ ተለወጠ። ቴኔንቴውን በስርቆት አየ፤ ቴኔንቴው ሰዓቱን ያያል። «ቶሎ» አለ። «ቶሎ፣ ቶሎ።»

መሰላሉን ተሸክማ ከክንፉ ጫፍ ሥር አቆመችው። መቀሱ እጇ ውስጥ ነበር። ጀርባዋን ለጂኖ ሰጥታ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። የቀሩት ዘጠኝ ፍሬዎች ወደ እጅጌዋ ወረዱ፤ ቀዝቃዛ ነበሩ። የተቀደደው እንዳይከፈት ሁለት የላላ መርፌ ወጋ አደረገችበት። ቀና ስትል አባቷ ከመቀመጫቸው አንገታቸውን አዙረው ያዩዋታል። እጅጌዋን አዩ። ዐይኖቻቸው ሲፈጡ አየች። ከዚያ ፊታቸውን ወደፊት መለሱ፤ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ዱዓ ነበር።

«ደህና ነው» አለች ስትወርድ። «ጠብቆ ነበር።»

ቴኔንቴው ገባ። ሞተሩ ጮኸ። አለንጋው ጮኸ። አሥራ ሁለቱ ገመዱን ይዘው ሮጡ።

የመጀመሪያው ዙር ጤናማ ነበር። ሁለተኛውም። ከዚያ ምሰሶው እንደ ሰካራም መወዛወዝ ጀመረ። ገመዱ ተለቀቀ፤ ሰዎቹ እንደተለመደው ወደ ጎን ሸሹ። ማሽኗ ግን አልሮጠችም። ከአንድ ጎማዋ ወደ ሌላው ጎማዋ ዘለለች፤ በእያንዳንዱ ዙር ዝላይዋ ጨመረ፤ ሁለት ሰው ይዟት እየናጣት ይመስል። ቴኔንቴው ጮኸ። ሞተሩን ለማጥፋት ጊዜ አልነበረውም። ማሽኗ ወደ ግራ ተገለበጠች፣ ክንፎቹ መሬቱን መቱት።

ድምፁ ዛፍ ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ነበር፤ ደግሞ ደጋግሞ። እንጨት፣ ሸራ፣ አፈር ወደ ሰማይ ወጣ። ሶፊያ በሆዷ ተደፋች። የሆነ ነገር እያፏጨ በላይዋ አለፈ።

ቀና ስትል ማሽኗ በጎኗ ተጋድማ ታጨሳለች። አባቷ በጠፍሩ ተንጠልጥለው ያስላሉ። ያስላሉ፤ እንግዲህ በሕይወት አሉ። ቴኔንቴው ከሥር እግሩ ተጣሞ፣ በቋንቋው ይጮኻል። ከእነሱ አለፍ ብሎ ታደሰ ገመዱን ግማሽ ድረስ ጠቅልሎ ክንዱ ላይ እንደያዘ በጀርባው ወድቋል። የክንፉ ስብርባሪ፣ ክንድ የሚያህል እንጨት፣ አንገቱ ሥር ገብቶ ቆሟል። እግሩ ሁለት ጊዜ ረገጠ። ከዚያ ቆመ።

* * *

አስካሪዎቹ መጀመሪያ ያገኙትን ደበደቡ። ከዚያ የቀሩትን አሥራ አንድ ጎታቾች ልብሳቸውን አስወልቀው በርሜሎቹ ላይ አስደፏቸው፤ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሠላሳ ተገረፉ። በሁለተኛው ሰው ላይ በርሜሉ ቀላ። በአምስተኛው ላይ የሚገርፈው አስካሪ ደክሞት ሌላው ተካው። ሶፊያና ከጠፍሩ የተፈቱት አባቷ እንዲያዩ ተደርገው ቆሙ። አባቷ ጎናቸውን በደህናው እጃቸው ደግፈው ነበር፤ ሁለት የጎን አጥንት እንደተሰበረ ቆይቶ ወጌሻው ነገራቸው።

ጂኖ ስብርባሪውን ሲያገላብጥ የሦስተኛውን ክንፍ ጫፍ አገኘ። ሶፊያ ከሩቅ አየችው። ኪሱን በጣቱ ከፈተ፤ ባዶ ነው። የተቀደደውን ዳር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ መቀስ የቆረጠው ክር እና ተበጥሶ የቀረ ክር አንድ አይደለም፤ እሱም ያውቃል። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እሷ አየ።

ሶፊያ ዐይኗን አልሰበረችም። መስበር ስላልቻለች ነው።

ጂኖ ወደ ቴኔንቴው ዞሮ አየ። ክንፎቹን ያመዛዘነ እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ የፈረመ እሱ ነው። መሰላሉን እንድትወጣ የፈቀደላት እሱ ነው። ሸራውን ከእንጨቱ ገንጥሎ ከማሽኗ ፈስሶ ወደሚነደው ዘይት ወረወረውና ሄዶ ከጌጡ ጋር አወራ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጌጡ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብሎ ተረጎመ፤ የመጨረሻው ጎታች ገመዱን በሰዓቱ አልለቀቀም፤ ማሽኗን የገለበጣት ታደሰ ነው፤ የተገረፉትም በእሱ ጦስ ነው።

የተገረፉት የታደሰን ሬሳ እያለፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማክሰኞ ከጋሳይ የመጣ ነጋዴ ፈንታነሽ የላከችውን አንድ ልቃቂት ፈትል ለሶፊያ ሰጣት። «ሁላችንም በሰላም ገባን በላት ብላለች» አለ። ሌላ መልእክት አልነበረም።

* * *

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አባቷ ጋቢያቸውን ደረቡ። በደብረ ታቦር ጎረቤት ሲሞት እስላም ነው ክርስቲያን ነው አይባልም፤ ለቅሶ ይደረሳል።

«እንደርሳለን፤ ሰው የሚለውን እንላለን፤ እንመለሳለን» አሉ በመንገድ ላይ። ሲተነፍሱ ጎናቸውን ያማቸዋል። «ገባሽ?»

«ገብቶኛል አባ።»

«ያየሁትን አላየሁም። አንቺም የሠራሽውን አልሠራሽም። ስልሳ ነፍስ ነው። እኔም አለሁ። ለዚህ አላህን አመስግኚና አፍሽን ዝጊ። ጌጡ ጆሮው በየቤቱ ነው።»

ሶፊያ የታደሰን ቤት ከሩቅ ስታይ ቀኑን የተሳሳቱ መሰላት። ደጁ ላይ ዳስ ተጥሏል፤ ዳሱ ውስጥ ግን ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ ሌላው አግዳሚ ባዶ ነው። ሦስተኛ ቀን ስለሆነ በዚህ ሰዓት ዳሱ ሰው አልችል ብሎ ሊተርፍ በተገባው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ከተገረፉት ያንዱ ሚስት ውሃ ተሸክማ አለፈች። ፊቷን ወደ ዳሱ አላዞረችም። አልፋ ከሄደች በኋላ መሬት ላይ እንትፍ አለች።

የታደሰ ሚስት ጥሩወርቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ጸጉሯን ተላጭታለች፤ ፊቷን ቧጥጣዋለች። ኑሩ «አላህ ያጽናሽ» ብለው ተቀመጡ። ሶፊያ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እናንተ መጣችሁ» አለች ጥሩወርቅ። ድምፅዋ ሰልሏል። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እሱ ባመጣው ጦስ እርስዎም ተሰበሩ፤ ግን መጡ።»

ኑሩ መሬት አዩ።

«አስከሬኑን አራት ሰው ነው የተሸከመው፤ ሁለቱ ወንድሞቼ ናቸው። ለስንቱ ሬሳ ትከሻውን የሰጠ ሰው።» እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ሰበሰበች። «አሥራ አንድ ሰው በሱ ተገረፈ ይላሉ። አንደኛው ትናንት ሞተ አሉ፤ ሄጄ ላልቅስ ብል በር ላይ መለሱኝ። እንዲያው ገመዱን ቢለቅ ምን ነበረበት? ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ቀልድ ሲያበዛ ሥራውን ይረሳል። ሌሊት ሌሊት የምቆጣው እሱን ነው። ሬሳን መቆጣት ኃጢአት ነው አይደል?»

ሶፊያ እስከ ዛሬ ያሰበችው ስለ ሰማይና ስለ መሬት ነበር። መሬት ላይ ቢሆን ይሻላል ብላ ነበር። መሬት ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች እንደነበሩ መሰላሉ ላይ ሆና አልታወሳትም፤ አንዱ ከደቂቃዎች በፊት ሱሪውን እየጠቆመ ሊያስቃት ሞክሮ እንኳ።

«ለቆ ነበር» አለች።

አባቷ እጇን ያዙ። የያዙት በተሰበረው እጃቸው ነበር፤ ሊጨብጡ አልቻሉም።

«ምን አልሽ?» አለች ጥሩወርቅ።

«አያ ታደሰ ገመዱን ለቆ ነበር። በሰዓቱ ነው የለቀቀው። እየጠቀለለ ነበር።»

«ሶፊያ» አሉ ኑሩ። ጎናቸውን ይዘው ተነሡ። «እንሂድ። ይመሻል።»

ጥሩወርቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። ዐይኗ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ይህች ሴት ነገ ጠዋት ጌጡ ቤት ልትሄድ ትችላለች። ከተማው ውስጥ ጮኻ ልትናገር ትችላለች። የባሏ ስም እንዲነጻ፣ ያን አሥራ አንድ ቤት ለማስታረቅ ስትል፣ ብታደርገው ማን ይፈርድባታል? ሶፊያ ይህን ሁሉ አሰበች። አባቷ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«አባ፣ እርስዎ ይቅደሙኝ» አለች።

«ልጄ።»

«እደርስብዎታለሁ።»

ኑሩ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ከዚያ በዝግታ ወጡ፤ ሩቅ ግን አልሄዱም፤ ባዶው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ የእንጨቱ ድምፅ ተሰማ።

ሶፊያ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ስትመለስ መጀመሪያ ወደነበረችበት ቦታ አልሄደችም። ጥሩወርቅ እጇን ብትዘረጋ ልትደርስባት የምትችልበት ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠችና «ማሽኗን የገለበጥኳት እኔ ነኝ» አለች።